እመጣና ሁለቱ መንትዮች

ተረት ተረት።

የመሠረት።

ከአባይ በረሃ ሽቅብ ለሚወጣ መንገደኛ ቆላው ያልቃል፤ ወይና ደጋውም ያልቃል፤ ገብሱ ይጀምራል። እዚያ፣ በቦረናና በሳይንት መካከል፣ የማለዳው ጉም ከደንቆሮ ጫካ ተነሥቶ የሣር ክዳኑን ሁሉ በሚያለብስበት ደጋ ላይ፣ በድሮ ጊዜ የቃላት መንደር ነበረ።

የመንደሩ ሥራ ጭነት ነበር። ሰው ለሰው የሚልከው መልእክት ሁሉ በቃላቱ ተጭኖ ወደ መካነ ሰላም ገበያ ይሄዳል። ባለቤት ከፊት ይመራል፤ ተሳቢ ይከተላል። ነገ፣ ትናንት፣ ማታ የሚባሉት የጊዜ ልጆች እንደ ግልገል አንዴ ከፊት አንዴ ከመሃል ይዘላሉ፤ ማንም አይቆጣቸውም። ከሁሉም ኋላ ግስ ጠፍሩን ይዞ ይደርሳል። እሱ ሳይደርስ ጭነቱ ጭነት አይባልም። «ልጁ ለእናቱ ከመካነ ሰላም ጨው» ብለው ቃላቱ ተሰልፈው ቢቆሙ፣ ልጁ ጨውን ገዛው እንደሆን፣ ሰረቀው እንደሆን፣ መንገድ ላይ ደፋው እንደሆን የሚያውቅ የለም። ግስ መጥቶ ጠፍሩን ሲያጠብቅ ነው ሰሚው «እሺ» የሚለው። የአገሩ ሊቃውንት ይህን የመጨረሻ ቃል ማሰሪያ አንቀጽ ብለው ሰይመውታል። ስሙን ያወጣው ሰው በቅሎ ጭኖ የሚያውቅ ይመስለኛል።

ሌላ ልማድ ሳያውቁ ቀርተው አልነበረም። የኔታ ዘንድ የሚማረው ልጅ በግዕዝ «መጽአ ብእሲ» ሲል መምጣቱ ከሰውየው ይቀድማል። መድረሳ የሚሄደው ጓደኛው በዓረብኛ «ጃአ ረጁሉን» ሲል እዚያም መምጣቱ ይቀድማል። ሁለቱ ልጆች ማታ ከብት ሲመልሱ ተገናኝተው ግን «ሰው መጣ» ይባባላሉ። በመጽሐፉ ደጃፍ ግስ በር ከፋች ነው፤ በጎጆው በር ዘጊ ነው። ሊቃውንት አማርኛ ይህን ጠባይ ያገኘው ከአገውና ከሌሎች የኩሽ ቋንቋዎች ጋር ጎረቤት ሆኖ ሲኖር ነው ይላሉ፤ ኦሮሞውም «ናሚቺ ዱፌ» ሲል ሰውየውን አስቀድሞ መምጣቱን ያስከትላል።

መንደሩ ከዚህ ወግ መስማትን ተምሯል። አበጋሮች የሚባሉት አስታራቂዎች ከጥዱ ሥር ሲሸመግሉ ተናጋሪው እስኪጨርስ ማንም አያቋርጠውም፤ ያልታሰረ ነገር አይፈረድበትምና። «እኔ ትናንት ማታ ወንድሜን» ብሎ ትንፋሹን የሳበ ሰው ወንድሙን ይቅር ብሎት ይሁን በዱላ መትቶት ገና አልታወቀም። ስንት ደም በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ሳይፈስ ቀርቶ ይሆን? እኔ ይህን ትዕግሥት ከአገሬ ሀብቶች ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ።

ግስ ታዲያ ብቻውን አይሄድም ነበር። በጀርባው የሚያዝለው አንድ ትንሽ ሰው አለው። ስሙ አለ ይባላል፤ የሽማግሌው የሀሎ ልጅ ነው። የግዕዝ አያቶች «እመጽእ» ብለው ያለ እሱ ገበያ ይወጡ ነበር፤ ያዘለው አማርኛ ነው። «እመጣ» የምትባለዋ ልጅ ገና ብቻዋን ሳለች ጭነት አይሰጣትም። አለ ጀርባዋ ላይ ሲወጣ «እመጣለሁ» ትባላለች፤ ያን ጊዜ ሰው ያምናታል። ሥራው መመስከር ነው፤ «ትመጣለች፣ ምስክሯም መኖሬ ነው፤ አለሁ» ይላል። ስለዚህ በዚያ መንደር ለወደፊት የተለየ ልብስ ተሰፍቶ አያውቅም። «በየቀኑ እመጣለሁ» የምትለው ልጅና «ነገ እመጣለሁ» የምትለው ልጅ አንድ ቀሚስ ነው የለበሱት። ዛሬም ሆነ ነገ ዋስትናው የሰውየው መኖር ነው።

አለ ጠባዩ ጥብቅ ነው። ክህደት ባለበት ቤት አይገባም፤ «አልመጣም» ላይ ብትፈልጉት የለም። ነገሩ ገና ባልተቋጨበትም አይገኝም፤ «ብመጣ»፣ «ስመጣ» ብላችሁ ብትጠሩት አይወጣም። የሚወጣው ሰው ራሱን አስይዞ በሚናገርበት ጊዜ ነው።

ይህ አለ አንድ መንትያ ነበረው፤ ሰዎች መንትያ ይሏቸው ነበር እንጂ በአባት አይገናኙም። ሁለተኛው አለ የብህለ ልጅ ነው፤ ሥራውም መናገር። «አለ» ሲባል «ተናገረ» ማለት ነው። አባቱን ከሚያስታውስባቸው ጊዜያት አንዱ ሰው ሲያዘው ነው፤ «በል!» ሲሉት የአባቱ ብ በከንፈሩ ብቅ ትላለች። በወረቀት ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ብታቆሟቸው አንድ ፊት ናቸው። የሚለዩት በአፍ ነው፤ ያኛው ጠብቆ ይነበባል፣ ይኼኛው ላልቶ። መንደሩ ስለዚህ ጥብቁ አለና ላላው አለ ይላቸው ነበር።

ላላው ክፉ አልነበረም። ያለ እሱ ወሬ የለም፤ ተረትም የለም፤ ይህን የምጽፈው በእሱ ትከሻ ነው። ክፋቱ የጀመረው የወንድሙን ወንበር ያየ ቀን ነው።

በልግ የቀረበት ዓመት ነበር። የመንደሩ ምንጭ በደለል ተደፈነ፤ ሴቶቹ በእንስራ ውኃ ፍለጋ ከገደሉ ሥር እስከ ወንዙ ይወርዱ ጀመር። ሽንጎ ተጠራ። «ነገ ምንጩን እናጸዳለን» ተባለ። ነገ የሚባለው ልጅ ከፊት ዘሎ ተቀመጠ፤ እናጸዳ ጥብቁን አለ አዝላ ከኋላ ቆመች። ነጋ፤ የወጣ ሰው የለም። እንደገና ተሰበሰቡ፤ «ነገ ምንጩን እናጸዳለን» ተባለ። ጥብቁ አለ በየማታው እየታዘለ፣ በየማለዳው ማንም ወደ ምንጩ ሳያወርደው ከሳ። ነገ ግን ወፈረ።

ላላው አለ ይህን ተመለከተ። በዚህ መንደር የሚያስረው የመጨረሻው ነው ብሎ አሰበ፤ ከወንድሜ ኋላ ብቀመጥ ማሰሪያው እኔ ነኝ። በሦስተኛው ሽንጎ አንድ ሰው «ምንጩ ይጸዳል» ብሎ ሊያበቃ ሲል ላላው ተስፈንጥሮ ከኋላው ገባ፤ ንግግሩ «ምንጩ ይጸዳል አለ» ሆነ። ማን አለ? ሰውየው አለ። በአራተኛው ሽንጎ አሉ የሚባሉትን ወንድሞቹን ሁሉ ይዞ መጣ፤ «ምንጩ ይጸዳል አሉ»። ማን አሉ? አሉ ነዋ። ከዚያ ወዲያ አሉባልታ የምትባል ሴት አግብቶ ልጆቹ መንደሩን ሞሉት። ጥብቁ አለ እዚያው «ይጸዳል» ጫፍ ላይ እንደታዘለ ነው፤ ግን ማንም አያየውም። ጠፍሩ በሌላ እጅ ገብቷል። እያንዳንዱ ሰው የሰማውን ተናገረ፤ ማንም አልዋሸም። ምንጩ ግን እንደተደፈነ ቀረ።

ጥብቁ ከነጭራሹ አልጠፋም። ሰው ሲሞት የቀብር ማኅበሩ፣ ቅሬው፣ ይጠራል፤ የቅሬው ዳኛ ስም ሲያነብ እያንዳንዱ «አለሁ» ይላል፤ ያልተገኘም ይቀጣል። ለቀብር ማንም «እመጣለሁ ብሏል አሉ» አይባልለትም፤ በአካሉ ይቆማል፣ ይቆፍራል፣ ይሸከማል። ለሞት እንዲህ የጠበቀ ሕዝብ ለምንጭ ለምን እንደሚላላ ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ። አለሁ ማለትን ያወቀ አንደበት ስለሆነ ተስፋ አልቆርጥበትም።

እመጣ የእማማ መምጣት ልጅ ናት። እንስራ ተሸክማ ገደሉን ስትወርድና ስትወጣ ጀርባዋ ቆሰለ። አንድ ማለዳ በጉሙ ውስጥ ተነሥታ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ አዲስ አበባ ሄደች። በዚያች ዕለት ጥብቁ አለ ቀብር ላይ ነበርና ሳታዝለው ሄደች። እናቷ እስከ ቁልቁለቱ ተከትላ፣ «ልጄ፣ ማንን ይዘሽ ነው?» አለቻት።

«ማንንም፣ እማዬ። አብሽሪ፤ ከዚያ እደውላለሁ።»

ከአዲስ አበባ ኋላ የሄደችበት አገር ኔዘርላንድ ነው፤ ስሟ ራሱ ዝቅ ያለ ምድር ማለት ነው። ከመሬቷ ሩብ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ እዚያ ካለ ቤተሰቡ ጋር ሊኖር የሚሄድ ሰው ገና ከአገሩ ሳይወጣ ቋንቋውንና የሕዝቡን አኗኗር ይፈተናል። እመጣም ባሏ እዚያ ነበርና አዲስ አበባ ተቀምጣ ተማረች፤ ተፈተነችም።

እዚያም የቃላት መንደር አገኘች፤ የአቀማመጡ ወግ ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ወንበር ማንም ይቀመጣል፤ እኔም፣ ነገም፣ ገበያም። ሁለተኛው ወንበር የግስ ነው። «ኢክ ኮም ሞርኸን» ይላሉ፤ እኔ፣ እመጣ፣ ነገ። ነገ ፊት ልሁን ብሎ ቀድሞ ቢቀመጥ ግስ ከሁለተኛው ወንበር ንቅንቅ አይልም፤ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚሄደው እኔ ነው፤ «ሞርኸን ኮም ኢክ»። እመጣ ይህን ስታይ ደነገጠች። በአገሯ ባለቤት ከግስ ኋላ ሲቀመጥ አላየችም። ጥያቄ ሲሆን ደግሞ ግስ ብድግ ብሎ በሩ ላይ ይቆማል፤ «ኮም የ ሞርኸን?» ትመጣለህ ወይ ነገ? ምክንያት ሲነገር፣ ኦምዳት የምትባለዋ ዘበኛ ከመጣች፣ ያው ኩሩ ግስ ወንበሩን ለቆ እስከ መጨረሻው ይወርዳል፤ «ኦምዳት ኢክ ሞርኸን ኮም»። እመጣ በዚያች በአንዷ ጓዳ ውስጥ ቦረና የገባች መሰላት። ቋንቋውን የሚማር ወገኔ ሁሉ እዚህ ላይ አረፍ እንዲል እመክራለሁ፤ ከአገር ቤት የተሻገረ ወንበር ነውና።

ስለ ወደፊት ስትጠይቃቸው ሦስት መንገድ አሳዩዋት። አንደኛው እንደኛው ነው፤ ግሱን ሳይነኩ ነገን ብቻ ይጨምሩለታል። ሁለተኛው መሄድ የሚለውን ግስ፣ ኻንን፣ በሁለተኛው ወንበር ያስቀምጣል፤ ሊያደርገው ያሰበ ሰው ይጠራዋል። ሦስተኛው ዛል የሚባል፣ መዝገብ በብብቱ የያዘ ሽማግሌ ነው። ቃል የሚገባ ሰው ዛልን ይዞ ይገባል። የጥንት ትርጉሙ ዕዳ አለብኝ ማለት ነበር፤ ዕዳንና ጥፋትን የምትሰይመው ስኹልት የምትባል ቃል የእሱ ዘመድ ናት። «ኢክ ዛል ሞርኸን ኮመን።» ዛል ከእኔ ቀጥሎ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ዕዳውን አስመዝግቦ ይቀመጣል። በመካከል የፈለገው ያህል ጭነት ይደረደራል፤ ነገ፣ ባቡሩ፣ ልጁ፣ ዝናቡ። በመጨረሻ ዕዳው የሚከፈልበት ሥራ ይመጣል፤ ኮመን። እመጣ ወደዚያ መጨረሻ ወንበር ስትመለከት ዐይኗ እንባ ሞላ። ኮመን መደብ የለውም፣ እኔም አንተም አይልም፤ በአማርኛ ብትጠሩት መምጣት ነው። በባዕድ አገር፣ በዕዳው ጫፍ ላይ፣ የእናቷን ፊት አየች።

«ለምን ዕዳችሁን አስቀድማችሁ ትናገራላችሁ?» ብላ ዛልን ጠየቀችው።

ሽማግሌው ወደ ግድቡ ወሰዳት። ከግድቡ ወዲያ ባሕሩ ከራሳቸው በላይ ቆሞ ነበር። «ድሮ» አላት፣ «መሬት ያለው ሁሉ ከግድቡ የተለካች ድርሻ ነበረችው። ድርሻውን መጠገን ያቃተው ሰው አካፋውን በግድቡ ላይ ተክሎ መሬቱን ትቶ ይሄዳል፤ አካፋውን የነቀለ መሬቱንም ዕዳውንም ይወስዳል። ውኃው ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ ማን ዕዳ እንዳለበት እስከ ንግግሩ መጨረሻ መጠበቅ አንችልም ነበር።»

ዛል የተናገረው ስለ አካፋው እውነት ነው። የራይንላንድ የውኃ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1255 በሰነድ ታውቋል፤ መቀመጫው ላይደን ነው፤ ዛሬም አለ። ይህ አለ ጠብቆ ይነበብ። ስለ ሰዋስው የተናገረውን ግን እንደ ሽማግሌ ወግ ውሰዱት። ሕዝብን ታማኝ ያደረገው የግስ ወንበር ነው ብዬ አላምንም። ዛልም ድካም አለበት፤ ዌል የምትባል ትንሽ ቃል ከአጠገቡ ከተቀመጠች፣ «ሄይ ዛል ዌል ኮመን» ሲባል፣ ዕዳው ይረሳና «ይመጣ ይሆናል» ብቻ ይቀራል። ላላ መንትያ የሌለበት አገር አላየሁም።

ላይደንን ካነሣሁ ተረቱን ለጥቂት ላቁመው። ከእመጣ አስቀድሞ ከእሷው ደጋ ወደ አውሮፓ የሄደ ሰው ነበረ። አባ ጎርጎርዮስ ትውልዳቸው በቤተ አምሐራ፣ መካነ ሥላሴ፣ በዛሬው ደቡብ ወሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቁ፤ ሉዶልፍ የኤርፉርት ተወላጅ ጀርመናዊ ሲሆን በላይደን የተማረ ሰው ነው። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርነስት ጠርቷቸው እዚያ ድረስ ሄዱ። የጎርጎርዮስና የሉዶልፍ መግባቢያ ግዕዝ ነበር። የደጋው ሰው እያስረዳ፣ ጀርመናዊው እየጻፈ አማርኛን ቃል በቃል ፈቱት። የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው በ1698 ፍራንክፈርት ላይ ታተመ፤ ከእሱ በፊት የታተመ የአማርኛ ሰዋስው የለም። አባ ጎርጎርዮስ መጽሐፉን አላዩትም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው እስክንድሩን አቅራቢያ ተሰብሮ ባሕር ላይ ቀሩ። ከዚህ ደጋ ወጥተው ሳይመለሱ የቀሩ ልጆችን ሳስብ ሁልጊዜ እሳቸው ይቀድሙብኛል።

እመጣ ያየችውን ሁሉ ለእናቷ በስልክ ነገረቻት። እማማ መምጣት ያን ጊዜ ውኃ ፍለጋ ትወርድ የነበረችው እሷ ራሷ ነበረች። በሚቀጥለው ሽንጎ ነጠላዋን አደግድጋ ከአበጋሩ ፊት ቆመች።

«አባ» አለች፣ «ወንበራችን ይለወጥ አልልም። ግስ ኋላ ይቀመጥ፤ አባቶቻችን ያስቀመጡት እዚያ ነው። ግን ስለ ምንጩ የሚናገር ሰው ስለ ሌላ ሰው አይናገር። ስለ ራሱ ይናገር።»

«ምን ልዩነት አለው፣ እማማ?»

«መንትዮቹን አስነሡና እያንዳንዳቸው ስለ ራሳቸው ይናገሩ።»

አበጋሩ ሁለቱን አስነሣ። በሩቅ መደብ ሲጠሩ አንድ ፊት የነበራቸው ወንድማማቾች ጎን ለጎን ቆሙ። ከሲታው ጥብቁ አለ አፉን ከፈተና «አለሁ» አለ። ላላው አለም ያንኑ ሊል ጣረ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ከአፉ የወጣው ግን «አልሁ» ነው። ደግሞ ሞከረ፤ «አልሁ»። እኔ ብሎ ሲናገር ከመናገሩ በቀር የሚመሰክርለት ነገር አልነበረውም። በወረቀት የማይለዩት ሁለቱ በመንደሩ ፊት ተለዩ። ሳቅ አልነበረም። ብዙ ሰው ወደ መሬት ተመለከተ፤ እያንዳንዱ ከአፉ የትኛው እንደሚወጣ ፈርቶ ነበር።

አበጋሩ ተራ በተራ ጠየቀ። አሥራ አንድ ሰዎች «አለሁ» አሉ። ሌሎቹ «እናስብበት» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግስቱ ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ አካፋና ዶማ ይዘው ወረዱ፤ ጥብቁ አለ ከፊታቸው ነበር። እስከ ማታ ደለሉን ከፊሉን ጠረጉት፤ ከድንጋዩ ሥር የእጅ ጣት ያህል ውኃ ብቅ አለች። ደፍርሳ ነበር። እማማ መምጣት በቅል ቀድታ ማንም ሳያያት ቀመሰቻት።

በሳምንቱ ስልኳን ይዛ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጣች። ነፋሱ ይነፍስ ነበር። ስልኩ ጮኸ።

«እማዬ» አለች ልጅቷ ከባሕር በታች ካለው ምድር፣ «ሰማሽ? ለመስቀል፣ ከነልጄ፣ ወደ አንቺ እመጣ»

መስመሩ ተቋረጠ።

እማማ መምጣት ስልኩን ከጆሮዋ አላነሣችም። አልመጣም እንዳልሆነ አውቃለች፤ ክህደት ከፊት ነውና የሚቀመጠው፣ ቢሆን ኖሮ አስቀድማ ትሰማው ነበር። የቀረው ከኋላ የሚታዘለው ነው። «ለሁ» ሊሆን ይችላል። «ነበር» ሊሆን ይችላል፤ እመጣ ነበር፣ ግን። «ይሆናል»ም ሊሆን ይችላል። ሦስቱም በዚያ ጉብታ ላይ በነፋሱ ውስጥ የቆሙ መሰላት።

ጥብቁ አለ ከምንጩ ሽቅብ መጣ፤ እጁ እስከ ክንዱ ጭቃ ነው።

«የጠራኝ አለ?» አላት።

«ገና ነው» አለችው። «ና፣ እዚህ ተቀመጥ።»

አካፋውን ተመርኩዞ ከአጠገቧ ተቀመጠ። ጉሙ ከደንቆሮ ጫካ በኩል እየወጣ ነው። በመዳፏ ውስጥ የስልኩ መብራት ጠፋ፤ ትንሽ ቆይቶ በራ።